የአንደኛ ዓመት ሴሚናር ምርጫ፦ አራተኛ ምርጫዬ ሲገመገም

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የሀበሻ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፓችን በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «የቱን ሴሚናር ልምረጥ?» ጠያቂዎቹ አሜሪካ ካሉ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ስኮላርሺፕ ያገኙ ልጆች ናቸው። ገሚሱ ገና ቪዛ አልተመታለትም። ኮሌጁ ግን «ርዕስ ምረጡ» እያለ በላይ በላዩ ኢሜይል ይልካል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት መመለስ ደከመኝ። ስለዚህ ሰው ምግብ ቤት ወይም ስልክ እንደሚገመግመው፣ እኔም የወሰድኩትን ሴሚናር ከነአመራረጡ እገመግመዋለሁ።

የፒያሳ ልጅ ነኝ። አሁን ሚኒሶታ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ኮሌጆች በአንዱ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። የምወቅስበት ነገር ስላለ እንደልቤ ልናገር።

ለአዲሶች ባጭሩ። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባለው ብዙ ጊዜ ተማሪው ከ2 ወይም ከ3 ሺህ የማያልፍ፣ ትኩረቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ የሆነ፣ ሜጀራችሁን (ዋና የትምህርት መስካችሁን) ሁለተኛ ዓመት አካባቢ የምትመርጡበት ኮሌጅ ነው። ገና ስትገቡ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያስገቧችኋል። ከ12 እስከ 16 ተማሪ፣ አንድ ጠበብ ያለ ርዕስ፣ ብዙ ንባብ፣ ብዙ ጽሑፍ፣ ብዙ ውይይት። ይኼ ነው ሴሚናሩ። ግሪኔል «ቱቶሪያል» ይለዋል። እዚያ ሁሉም ተማሪ በግዴታ የሚወስደው ብቸኛ ኮርስ እሱ ነው። አምኸርስትም ከሜጀር ውጭ የሚያስገድደው ይህንኑ አንድ ሴሚናር ብቻ ነው። ሪድ ከገባችሁ ደግሞ የምርጫ ጭንቀት የለባችሁም፤ አንደኛ ዓመት በሙሉ «ሂዩማኒቲስ 110» የሚባለውን አብሮ ይወስዳል። ሴንት ጆንስማ ጭራሽ አራቱንም ዓመት ሁሉም አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነባል።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ አንደኛ ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ወንድሜ ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ነበር። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። ሴክሽን ይደለደላል፣ ሞጁሉ ይታደላል፣ ከዚያ ችከላ ነው። ማንም «የትኛውን ትፈልጋለህ?» አላለውም። ስለዚህ የኮሌጁ ዝርዝር ሲደርሰኝ ወንድሜን ማማከሬ ብዙም አልጠቀመኝ። «ሁሉም ኮመን ኮርስ ነው፣ ዝም ብለሽ ሰቅለሽ ማለፍ ነው» ብሎ ገላገለኝ።

ዋጋውን ልናገር፤ ግምገማ ያለ ዋጋ አይሆንም። ስም ካላቸው ከነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ ዛሬ የትምህርት ክፍያቸው ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር ያልፋል። መኝታና ምግብ ለብቻው ነው። በዓመት የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ስምንት ኮርስ ነው። ስታካፍሉት አንድ ሴሚናር ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ስኮላርሺፑ ስለሚሸፍነው ለእኛ አይታየንም። አጠገባችሁ ግን ወላጆቻቸው ከኪሳቸው የሚከፍሉላቸው ልጆች ይቀመጣሉ። እነሱ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ይጠይቃሉ። አስተማሪው ማን ነው? ስንት ወረቀት ይጻፋል? እኛ ደግሞ የተሰጠንን በጸጋ እንቀበላለን። ጠይቁ። ስለጠየቀ ስኮላርሺፕ የተነጠቀ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ አመራረጡ። ይኼኛው የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ነው፤ ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ። ሁለተኛዋም ለይሉኝታ ነች።

ዝርዝሩ ከ30 በላይ ርዕስ ነበረው። ስለ ቸኮሌት አለ። ስለ ዞምቢ ፊልም አለ። ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ፣ ስለ ደስታ ፍልስፍና፣ ስለ ወህኒ ቤት፣ ስለ አፍሪካ ከተሞች፣ ስለ ማሽንና ሰው አእምሮ። እያንዳንዱ ርዕስ መሃሉ ላይ ሁለት ነጥብ አለው። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ያጓጓል፣ በኋላ ያለው ያስፈራል። ከሥሩ ግፋ ቢል ስምንት መስመር ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው የሚጻፈው ኮርሱ ከመሰጠቱ ከወራት በፊት ስለሆነ አስተማሪው ራሱ ገና ያላሰበበት ነገር ይኖረዋል። የማስታወቂያ ጽሑፍ ብላችሁ አንብቡት።

አምስት ርዕስ በቅደም ተከተል አስቀምጡ ይላል ፎርሙ። ለምን እንደመረጣችሁም ባጭሩ ጻፉ ይላል። ከዚያ ዝምታ። ሐምሌ ማለቂያ ላይ አንድ መስመር ኢሜይል መጣ። የደረሰኝ አራተኛ ምርጫዬ ነበር፣ የካርታ ሴሚናር። ለምን አራተኛው? ማብራሪያ የለም። መቀየር ይቻላል? ኦሪየንቴሽን ላይ ጠይቁ። ኦሪየንቴሽን ላይ ስጠይቅ ደግሞ «ሞልቷል» ተባለ። አገር ቤት ቀበሌ ተሰልፎ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን እዚህ አልጠበቅኩትም ነበር።

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ስትሰማ ደወለች።

«ካርታ ልታነቢ ነው ውቅያኖስ የተሻገርሽው?»

«እቴቴ፣ ግዴታ ነው እኮ። ሁሉም አንድ አንድ ይወስዳል።»

«ግዴታ ከሆነማ የሐኪሙን አትወስጂም?»

«የሐኪም የሚባል ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«እንግዲህ ከሌለ ምን ይደረጋል» አለችና ስለ ጃኬት ወደ ማውራት ገባች። በጃኬቱ ጉዳይ ፍጹም ልክ ነበረች።

ዝርዝሩ ላይ ያልነበሩትን ነገሮች ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሕይወታችሁን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ክፍሉ በስንት ሰዓት ነው? በሳምንት ስንት ገጽ ይነበባል? ስንት ጽሑፍ አለ፣ አርሞ መልሶ ማስገባትስ ይፈቀዳል? አስተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል ወይስ ለምርምር እረፍት ሊወጣ ነው? የመጨረሻዋን ማንም አይጠይቃትም። በብዙዎቹ ኮሌጆች የሴሚናሩ አስተማሪ ሜጀር እስክትመርጡ ድረስ አድቫይዘራችሁ ነው። ኮርስ ስትመዘገቡ ፈቃድ የሚሰጣችሁ፣ ስትወድቁ የሚጠራችሁ፣ የምስክር ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ እሱ ነው። ሴሚናሩ በታኅሣሥ ያልቃል፣ አድቫይዘሩ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ በእኔ እይታ የምትመርጡት በዋናነት ሰው ነው። ርዕሱ ትርፍ ነው።

የእኔ አስተማሪ በዕድሜ ገፋ ያሉ የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን «በስሜ ጥሩኝ» አሉ። አሜሪካኖቹ ወዲያው ጠሯቸው። እኔ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ «ፕሮፌሰር» ከማለት አልወጣሁም፣ ዛሬም አልወጣሁም። እናታችን ትሰማኛለች ብዬ ነው መሰለኝ።

አሥራ አምስት ሆነን አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። የኋላ ወንበር የለም። መደበቂያ የለም። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነጭ ወረቀት አደሉንና ዓለምን ከአእምሯችን ሳሉ አሉን። ሁሉም ሰው ግሪንላንድን ትልቅ፣ አፍሪካን ትንሽ አድርጎ ሳለ፤ እኔንም ጨምሮ። ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ፦ አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ግሪንላንድ 2 ሚሊዮን ትንሽ አለፍ ያለ። 14 እጥፍ ገደማ ነው። ጥፋቱ መርኬተር የሚባለው ካርታ ሠሪ በ1569 እ.ኤ.አ. የሠራው ካርታ ነው ብለን ልንፈርድ ስንል አስቆሙን። መርኬተር ካርታውን የሠራው መርከበኛ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ ቀጥ ባለ መስመር እንዲጓዝ ነው። ለዚያ ሥራ ይበጃል። የክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዓለም ይህን ትመስላለች ያለው ሌላ ሰው ነው። «ካርታው ለማን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴሚስተሩን ሙሉ ተከተለን።

ንባቡ ከባድ ነው። ለአንድ ክፍል 60 ገጽ የሚደርስበት ቀን አለ። ሌሎች ሦስት ኮርሶችም አብረው አሉ። መጻሕፍቱን ግን አትግዙ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አስቀምጧቸዋል፣ ከላይ ክፍል ተማሪዎችም በውሰት ይገኛሉ።

አሁን ለሀበሻ ተማሪ ትልቁ ጉዳይ ላይ ደረስን። ከውጤቱ 20 በመቶው በክፍል ውስጥ ለመናገር ነው። እኛ ያደግነው ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው። አስተማሪ ሲያስተምር አፍ አይከፈትም። ጥያቄ ካለም መልሱ የሚታወቅ ጥያቄ ነው። እዚህ ደግሞ ግማሹን መጽሐፍ ያላነበበ ልጅ እጁን ዘርግቶ «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ አምስት ደቂቃ ይናገራል፣ ነጥቡንም ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። እንግሊዝኛው አይደለም ችግሩ፤ እንግሊዝኛ እንችላለን። የምናስበው ነገር ተራ እስኪደርሰው ወሬው ሌላ ሰፈር ይደርሳል።

ፕሮፌሰሯ አስተዋሉ። ቢሯቸው ጠሩኝና አንድ መላ ሰጡኝ። ከክፍል በፊት ማታ አንድ ጥያቄ በኢሜይል እልካለሁ፤ እሳቸው ውይይቱን በዚያ ጥያቄ ይከፍታሉ፤ ከዚያ እኔ የግዴን እናገራለሁ። ሠራ። ኅዳር ላይ ኢሜይሉ ቀረ፤ መናገሩን ለምጄዋለሁ። ጓደኛዬ ሌላ ኮሌጅ ያለች የአዳማ ልጅ ግን አስተማሪዋ ዝምታዋን እንዳለማንበብ ቆጥሮባት ውጤቷ ላይ ታየ። ርዕሷ ከእኔ በጣም የተሻለ ነበር፣ ስለ ቡና ንግድ። ርዕስ ትርፍ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ሌላው ዋና ዕቃ ነው። ለእሱ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። ያኔ ቻትጂፒቲ አዲስ ወሬ ስለነበር የመጀመሪያውን ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በእጅ አጻፉን። እጄ ዛለ። ወረቀቱ ሲመለስ የሁላችንም የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ተሰርዟል። «ከጥንት ዘመን ጀምሮ የሰው ልጅ...» ብሎ መጀመር የሀበሻ ብቻ መስሎኝ ነበር። የኦሃዮውም፣ የቻይናውም፣ የቴክሳሱም ልጅ እንደዚያው ነው የጀመረው።

ሁለተኛው ጽሑፍ ስለ ጆን ስኖው ካርታ ነበር። ታሪኩን ባጭሩ፦ 1854 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ ሶሆ የሚባል ሰፈር። ኮሌራ ገባ። ስኖው የሚባለው ሐኪም የሞቱትን በየቤታቸው ካርታ ላይ ምልክት አደረገባቸው። ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለ አንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ ተከማቹ። የቧንቧው እጀታ ተነቀለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም አሳምሬ ተረኩት። አጠገቡ በእርሳስ የተጻፈው አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ካርታው ነው ስኖውን ያሳመነው ወይስ ስኖው ቀድሞ ያመነበትን ነው በካርታ ያሳየው?» ተመልሼ አነበብኩ። ስኖው ኮሌራ በውኃ ይተላለፋል የሚለውን ሐሳቡን ያሳተመው በ1849 ነው፣ ካርታው ከመሠራቱ ከዓመታት በፊት። እጀታው ሲነቀል ደግሞ ወረርሽኙ እየቀነሰ ነበር፤ ይህን ስኖው ራሱ ጽፎታል። ሌላ ጽሑፍ ጻፍኩ። ያኛው ትረካ ነበር፣ ይኼኛው ክርክር ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። አክስቴ ለፈለገችው ለሕክምናም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ነግሬያታለሁ፤ ግማሽ በግማሽ ተቀብላለች።

አርሞ መልሶ ማስገባት መፈቀዱ ለእኛ ዓይነቱ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቢ ማይነስ ሲመጣ ሰማይ የተደፋብን ሰቃይ ተማሪዎች ብዙ ነን። ስዋርዝሞር የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ በፊደል አያሰፍርም፤ ክሬዲት አገኘ ወይም አላገኘም ነው። የእኛ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ ማረም የሚፈቅድ አስተማሪ ስትፈልጉ አትፈሩ። የራይቲንግ ሴንተር አገልግሎትም ነፃ ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ አንድ የላይ ክፍል ተማሪ ጽሑፋችሁን አብሯችሁ ያነባል። ሰዋስው ያርሙልኛል ብላችሁ አትሂዱ፤ አያርሙም። «ምን ለማለት ነው የፈለግሽው?» እያሉ ያደርቋችኋል፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በአውቶቡስ ሴንት ፖል ወሰዱን። ከዚያ በፊት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ሆም ኦውነርስ ሎን ኮርፖሬሽን» የሚባል የመንግሥት ተቋም ያሠራቸውን የከተማ ካርታዎች አይተናል። ሰፈር በቀለም ይመደባል። አረንጓዴ ምርጥ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ። ቀይ ማለት ለብድር አደገኛ ነው። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ቀይ ነው። ሮንዶ የሴንት ፖል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አይ-94 የሚባለው አውራ ጎዳና መሃሉን ሰንጥቆ አለፈ። ድልድዩ ላይ ቆመን መኪናው ከሥራችን ይነጉዳል፤ ፕሮፌሰሯ የድሮውን ካርታ ዘርግተው «እዚህ ፀጉር ቤት ነበር፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን» ይላሉ። ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ከዚያ አለፍ ብሎ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የሀበሻ ምግብ ቤት ስላለ ሲያልቅ ሦስት የክፍል ልጆች ይዤ ሽሮ አበላሁ። የቴክሳሱ ልጅ ሚጥሚጣውን ናቀው፣ ዋጋውንም አገኘ።

የመጨረሻው ሥራ የምታውቁትን አንድ ቦታ ከትዝታ ካርታ ሠርታችሁ አሥር ገጽ መጻፍ ነው። እኔ ዶሮ ማነቂያን ሠራሁ። የመንገድ ስም የለውም፣ የቤት ቁጥር የሚጠቀም የለም። ሁሉም ነገር «ጋ» ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያ ጋ፣ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ፣ ሥጋ ቤቱን አለፍ ብሎ ቀዩ በር ጋ። ያስገባሁት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ሰፈሩ ፈረሰ። ፕሮፌሰሯ ዜናውን አንብበው ራሳቸው ኢሜይል ጻፉልኝ፤ ሴሚናሩ ካለቀ ቆይቷል፣ ውጤቴም ገብቷል። ያንን ካርታ ዛሬ ናይሮቢና ፍራንክፈርት ያሉ የሰፈር ልጆች ይቀባበሉታል፣ የረሳሁትን ኪዮስክ እየጠቆሙ ያርሙኛል።

መጥፎውንስ? አለ። አድቫይዘር ናቸው ብያለሁ አይደል? እኔ የገባሁት ኬሚስትሪ ብዬ ነው። እሳቸው ደግሞ የኬሚስትሪ ኮርሶች በምን ቅደም ተከተል እንደሚወሰዱ አያውቁም፤ የማወቅ ግዴታም ኮሌጁ አልጣለባቸውም። አንደኛውን ሴሚስተር ሒሳብ ካልወሰድኩ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደሚጣበብብኝ የነገረኝ አድቫይዘር ሳይሆን አንድ ናይጄሪያዊ የላይ ክፍል ተማሪ ነው። የሴሚናሩ ሰዓት ደግሞ ከላብራቶሪ ጋር ተጋጨ። መዝጋቢው ቢሮ «የሴሚናር ሰዓት አይነካም» ብሎ ደረቀ። ኬሚስትሪ ክፍሉ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነው በመጨረሻ ሌላ የላብ ቡድን ውስጥ የገባሁት። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆነ ቪዛው ችግር ውስጥ ይገባል፤ ኮርስ ጥሎ መውጣት ለአሜሪካኖቹ እንደሚቀለው አይቀለንም። ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የምታስቡ፣ ከመምረጣችሁ በፊት የሴሚናሩን ሰዓት ከላብ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የመዝጋቢው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ሴሚናሩ ውስጥ የሚያስገቧቸው «የኮሌጅ ሕይወት» ክፍለ ጊዜዎችም አሉ። እንቅልፍ ስለ መተኛት፣ ጊዜ ስለ መቆጠብ፣ ቤተ መጻሕፍት ስለ መጎብኘት። የቤተ መጻሕፍቱን ብቻ በደንብ ተከታተሉ።

አብሮ መኖሪያ ስላላቸው ሴሚናሮችም ትጠይቁኛላችሁ። ማካሌስተርን በመሰሉ ኮሌጆች አንዳንዱ ሴሚናር ተማሪዎቹን አንድ ዶርም ውስጥ አብሮ ያሳድራል። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። እኔ ብሆን እመርጠው ነበር። ሌሎቹን ልጆች መግቢያ ቀን ላይ እናት አባት አልጋ ያነጥፉላቸዋል፣ እኛ ሁለት ሻንጣ ይዘን ብቻችንን ነን። ወዲያው አሥራ አምስት ሰው ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍል ውስጥ የተከራከራችሁት ልጅ ሻወር ቤት በር ላይ ክርክሩን ይቀጥላል ይላሉ፤ ይቀጥል።

አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ዝርዝሩ ላይ «አፍሪካ» የሚለውን ስናይ እሱን አንደኛ እናደርጋለን። ይቀለኛል ብለን ነው። አንድ የምናውቀው ልጅ እንዲያ አድርጎ ገባ፤ ክፍሉ ውስጥ አፍሪካዊ እሱ ብቻ ሆነ። ሴሚስተሩን ሙሉ የ54 አገር አምባሳደር ሆኖ ከረመ። ስለ ሌጎስ ትራፊክ ሲወራ ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል፤ ልጁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ሌጎስን አይቶ አያውቅም። በተቃራኒው አንዲት ኬንያዊት እዚያው ዓይነት ክፍል ውስጥ ገብታ እስከ ዛሬ ታመሰግናለች፤ አስተማሪዋ ናይሮቢ ላይ ለዓመታት የሠሩ ሴት ነበሩ፣ ማንንም አምባሳደር አላደረጉም። አሁንም ጥያቄው ማን ያስተምረዋል ነው።

ማን እንደሚያስተምር እንዴት ይታወቃል? የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የአስተማሪውን ስም ፈልጉ፤ ሌላ ምን ኮርስ እንደሚሰጥ ታያላችሁ። አንደኛ ዓመትን በየጊዜው የሚያስተምር ሰው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ አጭር ኢሜይል ጻፉለት። «የባለፈውን ሲላበስ (የኮርሱን ዕቅድ) ማየት እችላለሁ?» በሉ። ይመልሳሉ፣ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ያልመለሰ ካለ እሱም መልስ ነው። ከዚያ ኮሌጁ ውስጥ ያለ ሀበሻ ፈልጉ፤ ሀበሻ ከጠፋ ጋናዊ ወይም ኔፓላዊ። ስለ ርዕሱ ሳይሆን «ቢሮው ስትሄድ በሩ ክፍት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔ ሴሚናር ለማን ይሆናል? መጻፍ ለሚፈራ ይሆናል። ከተማ ለሚወድ ይሆናል። ውጤቱን በአንድ ሴሚስተር ኤ ብቻ ማድረግ ለሚፈልግ አይሆንም፤ ኤ ሳላገኝ ነው የወጣሁት፣ ኤ ማይነስ ነው። ለሴሚናሩ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ለላብራቶሪው ሰዓት ነው።

ፎርሙን ስትሞሉ አንድ ነገር። ማስረከቢያው «11፡59 ማታ» ካለ በኮሌጁ ሰዓት ነው። ሚኒሶታ፣ አዮዋና ኢሊኖይ በበጋቸው ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 መሆኑ ነው። የእኛ ኮሌጅ ምርጫውን የሚደለድለው ፎርሙ ከተዘጋ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ነው፤ ቀድሞ የላከ ቅድሚያ አያገኝም። እንደኔ ኮሌጅ ከሆነ ሌሊት ኔትወርክ ፍለጋ አትንከራተቱ። የእናንተ ቀድሞ ለመጣ የሚሰጥ ከሆነ ግን ፎርሙ በሚከፈትበት ሰዓት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተገኙ። ምክንያት የሚጻፍባትን ሳጥን ባዶ አትተዉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ከጥንት ዘመን አትጀምሩ። ከላካችሁ በኋላ «ደርሷል» የሚለውን ገጽ ስክሪንሾት አንስታችሁ ያዙ።